በዳጉሳ ማሳ የተመረጠው ጡረታ

ዲልማን ረጅም ፈቃዱን ይዞ ወደ መንደራችን ወደ ታምጁንግ ሲወጣ ዝናቡ ገና እየተሰናበተን ነበር። ጭጋጉ ከማዲ ሸለቆ ብድግ ሲል በረዶው ተራራ ብቅ ይላል፤ ደግሞ መልሶ ይከናነባል። የእናቶች ማኅበር ሴቶች በድንጋዩ ደረጃ አናት ላይ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ይዘው ተደርድረዋል። እኔም ከበሮዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። ከባሕር ማዶ ጦር የሚመጣ ልጅ፣ እኛ ላሁሬ የምንለው፣ ያለ ከበሮና ያለ አበባ ደጁን አይረግጥም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የገዛ ሚስቱ ያምኩማሪ ናት። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያላየችውን ባሏን እንደ ማንኛውም እንግዳ ተራዋን ጠብቃ አበባ አጠለቀችለት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ የሱንታሊ አባት» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። ሱንታሊ ትልቋ ልጃቸው ናት።

«ለሌላው እንግዳ ግማሽ ቀን ንግግር ታደርጊያለሽ፣ ለዚህኛው ምላስሽ ተቆረጠ?» ብላ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ፣ ሪትማያ፣ ከኋላ ጮኸች። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ዲልማን በእንግሊዝ ጦር ሃምሳ አለቃ ነው። ምልምሎችን በድምፁ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው ይሉታል። ያን ቀን ግን እስከ ጆሮው ቀልቶ ሳቀ።

አብረን ነው ያደግነው። ድንጋይ የሞላ ቅርጫት በግንባር ማሰሪያ ተሸክሞ ዳገት ለዳገት በሚሮጥበት የጦሩ መመልመያ ፈተና እኔ መንገድ ላይ ተዘርግቼ ቀረሁ፣ እሱ ሳያለከልክ አለፈ። ሁሉ የተሰጠው ልጅ ነበር፤ ዜማ ብቻ ተነፈገ። በእኛ አገር ደግሞ ዜማ የሌለው ጎረምሳ ጥርስ እንደሌለው ውሻ ነው። ወንዱ ከአንዱ እርከን፣ ሴቷ ከሌላው ሆነው በግጥም ይወራወራሉ፤ የተረታ የረታውን ሸክም እስከ መንደር ይሸከማል። ያምኩማሪ አንድ የመከር ቀን ዲልማንን በሁለት ስንኝ ጣለችውና ቅርጫቷን አሸከመችው። ከዚያን ቀን ወዲህ አላወረደውም ብለን እስከ ዛሬ እንቀልድበታለን።

ራት ቀርቦ፣ የዳጉሳው ገንፎ ላይ የደረቀ ጎመን ወጡ ፈሶ፣ ዲልማን ነገሩን ለአባቱ ለጃስራጅ አወጣው። ሚስቱ እሳቱ ዳር ሆና ድስት ታማስላለች።

«አባባ፣ ምርጫ ሰጥተውናል።»

«የምን ምርጫ?»

«የጡረታ። አሮጌው እንደሚያውቁት ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ እሰናበታለሁ፣ ወዲያው ጡረታዬን መቀበል ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ የምቀበላት ናት። አዲሱ የእንግሊዞቹ የራሳቸው ጡረታ ነው። ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም፣ ብዙ ነው። ግን እሱን ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመት ማገልገል አለብኝ። በአሥራ አምስት ልውጣ ካልኩ ስድሳ ዓመቴ ድረስ ጠብቅ ነው የሚሉኝ።»

«አሁን አሥራ አራት አገልግለሃል።»

«አዎ። ወይ የዛሬ ዓመት እዚህ ነኝ፣ ወይ የዛሬ ስምንት ዓመት። ፈቃዴ ሳያልቅ ፖካራ ካለው ጦር ሠፈር ወርጄ ፈርሜ እንድሰጥ ነው የተባልኩት። አንዴ ከተፈረመ ደግሞ መመለሻ የለውም። መኮንኑ ሰብስቦ ሲያስረዳን ‹አገራችሁ ግቡና ከየቤታችሁ ሰው ጋር ተመካከሩ› ብሎናል።»

ዲልማን ታዛዥ ወታደር ነው፣ ተመካከር ከተባለ ይመካከራል። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ነገር ከአባት ጋር፣ ከአባት ወንድም ጋር፣ ቀጥሎም የደንብ ልብስ ለብሶ ከሚያውቅ ሽማግሌ ሁሉ ጋር ይመከራል። እሱም በነጋታው ጉዳዩን ይዞ ከመንደሩ ራስ ካለው ዛፍ ሥር፣ ተሸካሚ ሁሉ ከሚያርፍበት የድንጋይ መደብ ወጣ። ያምኩማሪ ድስቷን አማስላ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ የቤት ጎሿን አልባ ዝም አለች። አማት ፊት ምራት በጡረታ ጉዳይ አፏን አትከፍትም። የጠየቃትም የለም።

መደቡ ላይ ለብዙ ቀን ሌላ ወሬ ጠፋ። ጡረተኛው ሐርካ፣ አሮጌውን ጡረታ ሲቀበል የኖረው፣ ለአዲሱ ተሟገተ።

«አሮጌውን እየበላሁ ያለሁት እኔ ነኝ» አለ። «እየበላሁ ስልህ እየላስኩ ማለቴ ነው። ፖካራ ተቀብዬ እዚህ እስክደርስ የአውቶቡሱ ሰውዬ ይቀንስልኛል፣ የጉልበቴ መድኃኒት ይቀንስልኛል፣ ለአረቄ አንዲት መለኪያ ብትተርፍ እሷን ደግሞ ሚስቴ ታያታለች። ማይላ፣ ስማኝ፣ አዲሱን ያዝ!»

ማይላ የምንለው ሁለተኛ ወንድ ልጅ የሆነውን ነው። ዲልማንም በመንደሩ ሁሉ አፍ ማይላ ነው።

«አንተማ የምትልሰው አለህ» አለ ጃስራጅ። እሱ ወጣትነቱን በማሌዥያ ጫካ ያሳለፈ ነው። የጡረታ ዘመኑ ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው ጦሩ ይቀነስ ተባለና ባዶ እጁን ወረደ። «ሰባት ዓመት ጨምር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ዛሬ የተሰጠህን ዛሬ ውሰድና ቤትህ ግባ።»

«ያኔ ጊዜው ሌላ ነበር እኮ!»

«ጊዜው ሌላ ነበር? ተራራው ያው፣ እንግሊዙ ያው፣ ሐርካም ያው ለፍላፊ። ጊዜው በየት በኩል ነው ሌላ የሆነው?»

ጡረታ ያለው ለአዲሱ፣ ጡረታ የሌለው ለአሮጌው። ዲልማን በሁለቱ መሐል ራሱን እያዞረ፣ ሻይ እያስቀዳ፣ የሁሉንም ሰማ። አንድ ከሰዓት አብረን እንጨት ልንለቅም ስንወርድ ግን ቁርጡን ነገረኝ።

«አሮጌውን ነው የምፈርመው» አለኝ።

«አባትህ ረቱህ ማለት ነው።»

«አባባ አይደሉም። እውነቱን ልንገርህ፣ ለራሴ ቢሆን አዲሱን ነበር የምይዘው። ሥራዬን እወዳለሁ። እነዚያን ዓይናፋር ልጆች ተቀብሎ ወታደር ማድረግ ደስ ይለኛል። ሱንታሊንም ታናሿንም ደህና ትምህርት ቤት ባስገባ ብዬ አስባለሁ። ግን ያምኩማሪ በቃት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባሏ ፎቶግራፍ ነው። ደግሞ ሰባት ዓመት ጠብቂኝ በምን አፌ እላታለሁ?»

«እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ይታወቅ የለም እንዴ!»

ሳቅሁበት። እሱ ግን ፊቱ የተረጋጋ ነበር፤ ከባድ ሸክም ተሸክሞ መንገዱን ያወቀ ሰው ፊት ነው። የሚወደውን ነገር ለሚወዳት ሴት ሊተው ቆርጧል። ወደ ፖካራ ጦር ሠፈር ወርዶ የሚፈርመው የጃስራጅ ዳጉሳ በተሰበሰበ ማግሥት እንዲሆን ተቀጠረ።

የዳጉሳ አጨዳችን በደቦ ነው። ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው። የጃስራጅ ቀን ሲደርስ ሰማዩ ተጠርጎ፣ ተራራው ከግርጌ እስከ ጫፍ ወለል ብሎ፣ ወርቅማው ዳጉሳ በየእርከኑ ጡጫውን ጨብጦ ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ከላይኛው እርከን ማጭዳቸውን ይዘው ገቡ። ወንዶቹ ከታችኛው። እኔ ከበሮዬን ይዤ በሁለቱ መሐል ካለው ካብ ላይ ተቀመጥኩ። ጃስራጅ ዕድሜው ከማጨድ ስላወጣው ጥላ ሥር ሆኖ የዳጉሳ ጠላ ይቀዳል።

ማሳ ላይ የራሱ ሕግ አለ። በዜማ የተባለ በዜማ ብቻ ይመለሳል። መጀመሪያው ስንኝ ዓይን ያየውን፣ ሁለተኛው ልብ የያዘውን ይናገራል። የተጠየቀ ሰው የያዘው እርከን ታጭዶ ሳያልቅ ካልመለሰ የጠያቂው ሐሳብ ጸደቀ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን በዜማ በተባለ ነገር ማንም ማንንም አይቀየምም፤ ምራት ለአማቷ፣ ታናሽ ለታላቁ፣ ያሻውን ይናገራል። ቤት ውስጥ የታፈነ ቃል ሁሉ መከር እስኪደርስ ነው የሚጠብቀው።

ሴቶቹ ጀመሩ። ዲልማን ወገቡን ይዞ ቀና ሲል አይተውታል።

«ዳጉሳው ጎንበስ አለ ፍሬው ከብዶበት፣
የንግሥቷ ወታደር ወገቡ ከዳበት።»

ከእኛ ወገን ሐርካ ተቀበለ፤ ድምፁ አርጅቶም ይጥማል።

«የማዶው ዛፍ ቅጠል በነፋስ ረገፈ፣
ወገብስ ይድናል ጡረታ ካላለፈ።»

ሳቅ ሆነ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ግማሹ ማሳ ታጨደ። ከዚያ ከላይኛው እርከን አንድ ድምፅ ብቻውን ወጣ። ቀጭን ነው፣ አይቸኩልም፤ እንደ ምንጭ ውኃ ከድንጋይ ሥር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከበሮውን ዝቅ አደረግሁ። ያምኩማሪ ነበረች። ባሏን ቤት ውስጥ አንቱ የምትለው ሴት፣ እዚህ አንተ አለችው።

«አባትህን ጠየቅህ፣ ጎረቤት ተጠራ፣
ጎሿና እኔ ቀረን ከበረቱ ጋራ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ማጭዳቸውን ጣሉ። ሐርካ ሆዱን ይዞ ዳጉሳው ላይ ተቀመጠ። ዲልማን ብቻ እንደተተከለ ቀረ።

«መልስ እንጂ ማይላ!» አልኩት። «እርከኑ ሊያልቅ ነው!»

ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ምልምል የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ እንደ ተሰበረ ዋሽንት ወጣ።

«ማጭዴ ስለታም፣ ዳጉሳውም በስሏል፣
አሮጌው ይሻላል፣ ላንቺ ሲባል ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?» ብለው ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮሁ። «ተብሏል! ወይ ጉድ፣ የሚስቱንም ሐሳብ በትዕዛዝ ሰምቶት ነው!»

ያምኩማሪ አልሳቀችም። ማጭዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ሸለቆው አየች። ከታች ማዲ ነጭ ክር መስሎ ይወርዳል።

«ማዲ ወርዶ ወርዶ ባሕር ይገባል አሉ፣
እግሮቼ ምን በድለው ከደጅ ይቀራሉ?»

እንዲህ ስትል ስሰማ ከበሮዬን መምታት ረሳሁ። ሴቲቱ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር ሲነገራት ኖራለች። በስልክ፣ በፎቶግራፍ፣ ለልጆቿ በሚመጣ ዛጎል። አሁን ሕጉ ተለውጦ ወታደር ቤተሰቡን ይዞ እንዲኖር እንደተፈቀደ እዚያው ባሕር ማዶ የምትኖር ጓደኛዋ ነግራታለች። ሁሉንም ታውቃለች፤ ከአንድ ሰው በቀር፣ ከባሏ በቀር፣ ሁሉም ነገሯት። እሱ ደግሞ ማኅበሯን፣ ጎሿን፣ ተራራዋን ትታ የምትሄድ አልመሰለውም። ትንፋሿን ሰብስባ ጨመረች።

«አዲሱን ምረጠው፣ ሰባት ዓመት ጨምር፣
ግን እኔን ከነልጆች ከሻንጣህ ደምር።»

የመንደሩ ሁሉ ዓይን ዲልማን ላይ ነው። ከፊቱ የቀረው ዳጉሳ ሁለት ክንድ አይሞላም። እጁ ማጨድ አቁሟል። የዚያን ጊዜ ከጥላው ሥር ሌላ ድምፅ ተነሣ። ጃስራጅ ነው። የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሻካራ ግን ያልተሳሳተ ዜማ አወጣ። ሲዘፍን የሰማው ትውልድ አልቆ ስለነበር ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

«የቀጠሩኝ ጀምበር ከተራራው ቀረ፣
እኔም ጨምር ብለው ጨምሬ ነበረ።»

ሐርካ እንኳ ጫማውን ያይ ጀመር። ሽማግሌው ሐዘኑን በቀልድ ሸፍኖ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ገልጦ አሳየን። ለምራቱ ሽንፈት ይመስል ነበር።

እሷ ግን ወደ ካቡ ጫፍ መጣች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ አማቷን እጅ ነሣችና እንዲህ አለች፦

«ጀምበሩም ቢቀርበት፣ ባዶ ቢሆን እጁ፣
ልጆቹ ያውቁታል ሲመለስ ከደጁ።»

ይህን የተረዳው መጀመሪያ ማን እንደሆነ አይቻለሁ። የዲልማን ታላቅ ወንድም ጄታ ነው። ጃስራጅ ከጫካው ጦርነት ወደ ቤቱ ሲገባ ጄታ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። የማያውቀው ሰው ደጃቸው ላይ ሲቆም ሮጦ የዳጉሳ ገለባ ውስጥ ተደበቀ፤ ለብዙ ቀንም እናቱን «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» እያለ ይጠይቃት ነበር። አባትና ልጅ እስከ ዛሬ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ አይጣሉም፤ ሲነጋገሩ ግን እንደ ሁለት ጨዋ ጎረቤት ነው። ጄታ ማጭዱን መሬት ላይ አኑሮ ወደ አባቱ አየ። አባቱም አየው።

ጃስራጅ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ጢሙ፣ በመጨረሻ ድምፁ።

«ተረታሁ» አለ፣ በዜማ ሳይሆን በተራ ቃል። «እኔ የቀረብኝን ጡረታ ስቆጥር አርባ ዓመት ሞላኝ። የቀረብኝ ጡረታው ብቻ መስሎኝ! ልጄ፣ ልክ ነሽ። ቅርጫቱን አምጡልኝ።»

«አባባ፣ ኧረ አይሆንም!» ብላ ያምኩማሪ ከካቡ ዘለለች።

«ሕግ ሕግ ነው! የተረታ ይሸከማል።»

ጄታ ቀደማቸው። ቅርጫቱን አንሥቶ ማሰሪያውን ግንባሩ ላይ አደረገና «እርስዎ ከጎኔ ይሂዱ አባባ፣ የሚንጠባጠበውን ይልቀሙልኝ» አለ። ሁለቱ ተከታትለው ወጡ። መንገድ ላይ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ ግን ሲነጋገሩ አይቻለሁ፣ ደግሞም ቆም እያሉ ነበር።

ዲልማን የመጨረሻዋን ነዶ የዚያን ጊዜ አጨደ። እርከኑ አለቀ። አልመለሰም። የጠያቂዋ ሐሳብ ጸደቀ።

«የሱንታሊ አባት፣ ከፋህ?» አለችው ያምኩማሪ ቀረብ ብላ፣ ወደ አንቱታው ሳትመለስ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፤ እኔ ካቡ ላይ ባልሆን ኖሮ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ያን የምታስቢ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

«ማኅበሩስ?»

«ሊቀመንበርነቱ ለሪትማያ ይድረሳት፣ ንግግር ትወዳለች።»

«ብርድ ነው አገሩ። ዝናቡ እንደ እኛ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል እንጂ አይዘንብም።»

«አንተ እዚያ አሥራ አራት ዓመት ኖረህ የሟሟህ አይመስለኝም።»

በማግሥቱ ፖካራ አብሬው ወረድኩ። የጦር ሠፈሩ ጸሐፊ ከምሥራቅ ተራሮች የመጣ፣ ክብ ፊት ያለው ሰው ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና መነጽሩን ከፍ አደረገ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አዲሱን ነው የያዝከው። ከፈረምክ በኋላ ብታለቅስ አልሰማህም፤ በደንብ አስበህበታል?»

«እኔ አላሰብኩም፣ ሚስቴ ናት ያሰበችው።»

«ከቤት ሰው ጋር ተማክረሃል ማለት ነው።»

«በዳጉሳ ማሳ፣ መንደሩ ሁሉ ባለበት፣ በዜማ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ማቀበሉን ትቶ ከልቡ ሳቀ። «ታዲያ ያለቀ ነገር ነው፣ ወረቀቱን ለምን አመጣኸው?» አለና ማኅተሙን አቀረበ።

የመሄጃቸው ቀን ሲቃረብ ቤቱ በሻንጣ ተሞላ። ያምኩማሪ ለልጆቿ ሹራብ ትሠራለች፣ ሱንታሊ የእንግሊዝኛ ቃል እየጮኸች ታጠናለች፣ ታናሿ ጎሿን ስማ ስማ አልጠግብ ብላለች። ጄታና ጃስራጅ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ።

«እኔ የምለው» አለ ጃስራጅ ቀና ብሎ፣ «ስምንት ዓመት ረጅም ነው። እናንተ ሳትመለሱ እኔ ብሞትስ?»

ዲልማን ደነገጠ። ያምኩማሪ ግን ከሹራቧ ዓይኗን አላነሣችም።

«አይሞቱም አባባ። ይህኛው ጡረታ አለመቅረቱን ሳያዩ የትም አይሄዱም። እልኸኛ ነዎት።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ሽማግሌው ገመዱን አጥብቆ ሳበው።